«ጎዳና ተዳዳሪ» ማለት ማን ነው? ለብርድ ልብስ ማሰባሰቢያ ደብዳቤ የሚሆን ቃል ፍለጋ

ጸሐፊዋ ከጠባሴ

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ውስጥ የአንድ የሴቶች እድር ጸሐፊ ነኝ። ዘንድሮ ኅዳር ሳይወጣ ባና፣ ብርድ ልብስና ወፍራም ልብስ ሰብስበን ደጅ ለሚያድሩ ሰዎች ለማዳረስ ተስማምተናል። የከተማችንን ብርድ ለማታውቁት፦ ደብረ ብርሃን 2800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ደጋ ናት። ከጥቅምት ጀምሮ ሰማዩ ሲጠራ ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል፤ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ይገኛል። በዚያ ሌሊት ካርቶን አንጥፎ ማደር ምን ማለት እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም።

ለየሱቁና ለየመሥሪያ ቤቱ የሚበተነውን ደብዳቤ እኔ እንድጽፍ ታዘዝሁ። «ለጎዳና ተዳዳሪዎች» ብዬ ረቂቁን ሳነብ ግን ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። አንዲት እናት «የሚተዳደር ሰው ኑሮውን የሚመራ ነው፤ እነዚህ ልጆች ምን አላቸውና ይተዳደራሉ?» አሉ። ሌላዋ «ነዳያን በይ፤ የቤተ ክርስቲያን ቃል ነው» አሉ። ወጣቶቹ «ቤት አልባ» ይሻላል ሲሉ፣ አንዲት አዛውንት ደግሞ «እኛስ የኔ ቢጤ ነበር የምንለው» ብለው ጨመሩ። ሳንስማማ ተበተንን። ቃላቱ በትክክል ምን እንደሚሉ፣ የትኛውስ ሰው እንደሚያስከፋ የምታውቁ አስረዱኝ። ደብዳቤው የእርዳታ መጠየቂያ ነውና የሚረዳውን ሰው እንዲያዋርድ አልፈልግም።

የአማርኛ መምህር

እህቴ፣ እናታችን ያሉት ትክክል ነው፤ ግን ግማሹ ነው። ነገሩ ያለው «አደረ» በሚለው ግሥ ላይ ነው። አማርኛ ሰውን በአዳሩ ይጠራል። አርሶ የሚኖረው አርሶ አደር፣ አርብቶ የሚኖረው አርብቶ አደር፣ በላቡ የሚኖረው ላብ አደር ነው። እዚህ ላይ ማደር ማለት ሌሊቱን ማሳለፍ ብቻ ሳይሆን የኑሮ መንገድም ነው። «ተዳደረ»ም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው፤ «በንግድ ይተዳደራል»፣ «በጡረታ ይተዳደራል» እንላለን። በፊደሉ ከሄድን «ጎዳና ተዳዳሪ» ኑሮውን ከጎዳና የሚያገኝ ሰው ነው። «በረንዳ አዳሪ» ግን ወደ ግሡ የመጀመሪያ ትርጉም ይመለሳል፤ ሌሊቱን የት እንደሚያሳልፍ ይናገራል፣ ሌላ ምንም አይጨምርም።

«ነዳያን» የግእዝ ብዙ ቁጥር ነው፤ ነጠላው «ነዳይ»፣ ትርጉሙ ድሃ፣ የተቸገረ። ስለ ቤት የሚለው ነገር የለም። በክብረ በዓል ደጀ ሰላም ተቀምጠው ከሚመጸወቱት ውስጥ ማታ ወደ ጎጇቸው የሚመለሱ ብዙዎች ናቸው። «የኔ ቢጤ» ደግሞ «እንደ እኔ ያለ፣ እኩያዬ» ማለት ነው፤ ተናጋሪው ራሱን ዝቅ አድርጎ ከለማኙ ጎን ይቆማል። እንደ እኔ እምነት ከሁሉም ቃላት ውስጥ ይህን ያህል ትሕትና ያለው የለም። ነገር ግን የሚውለው ለሚለምን ሰው ነው። ደጅ የሚያድር ሁሉ አይለምንም፤ የሚለምን ሁሉም ደጅ አያድርም። ደብዳቤያችሁ ለየትኛው እንደሆነ መጀመሪያ ለዩ።

«ቤት አልባ» ላይ አንድ ችግር አለ። በአገራችን «ቤት የለኝም» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ተከራይ ነው። እኔ ራሴ ስንት ዘመን ያስተማርሁ መምህር፣ በቤት ሥራ ማኅበር ለመደራጀት ስመዘገብ የሞላሁት ቅጽ «ቤት የሌለው» መሆኔን የሚያረጋግጥ ነበር። ደሞዝተኛ ተከራይና ካርቶን ላይ የሚያድር ሕፃን በአንድ ቃል ከተጠሩ ቃሉ ሥራውን አልሠራም።

ከመሐል ሜዳ

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ደህና አድርገው ለዩት። እኔ ደግሞ ከመንዝ በኩል ያለውን ልጨምር። በገጠር ማደሪያ ለሌለው ሰው የቆየ ቃል አለን። መንገደኛው ሲመሽበት ከአጥር ውጭ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይላል። ባለቤቱም «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ይግቡ» ይላል። ውሻ ይያዝለታል፣ እግሩ ይታጠባል፣ ከምድጃው አጠገብ አጎዛ ይነጠፍለታል፣ ዝተት ይደረብለታል። ማን እንደሆነ ቀድሞ የሚጠይቀው የለም፤ ስሙ «እንግዳ» ነው። ጠዋት ሲሄድ ስሙ ከእሱ ይወርዳል፤ ተመልሶ መንገደኛ ይሆናል።

የቆሎ ተማሪንም አስቡት። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ለምኖ ይማራል። ከወላጆቹ ቤት ከወጣ ዓመታት ይቆጠራሉ፤ የሚያድርባት ጎጆ ከጭራሮና ከሣር የተሠራች ናት። ጎዳና ተዳዳሪ የሚለው ሰው ግን ሰምቼ አላውቅም። ላሊበሎችም እንዲሁ፤ ገና ጎህ ሳይቀድ በየደጁ እየዞሩ የባለቤቱን ስም እየጠሩ ይዘፍናሉ፣ ይመርቃሉ፣ ይቀበላሉ፤ ካልዞርን ቁምጥና ይይዘናል ብለው ስለሚያምኑም ነው። ብዙዎቹ ቤትና እርሻ አላቸው። ልመናው ሥርዓት ያለው በመሆኑ ማኅበረሰቡ ቦታ ሰጥቷቸዋል። ከተማ ላይ ካርቶን ያነጠፈው ልጅ ያጣው ጣሪያውን ብቻ አይመስለኝም፤ ይህን ቦታም አጥቷል።

የደብር ልጅ

ይቅርታ አድርጉልኝና ነገሩን በጣም አሳመራችሁት። በመናኸሪያው ዙሪያ የሚያድሩትን አይቻለሁ፤ ጉልበት ያላቸው፣ መሥራት የሚችሉ ጎረምሶች ናቸው። ቦዘኔ የሚል ቃል አለን፤ ለምን ሌላ እንፈልጋለን?

ሕግ ያጠናሁ

ወንድሜ የደብር ልጅ፣ «ቦዘኔ» የሰፈር ቃል ብቻ አይደለም፤ በሕግ ውስጥ የገባ ቃል ነው። የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 384/1996 የሚባል አለ። በዚያ አዋጅ እንኳን ሥራ ማጣትና ውጭ ማደር ብቻውን ሰውን አደገኛ ቦዘኔ አያደርገውም። ለሥራ ብቁ ሆኖ የታወቀ መተዳደሪያ የሌለው መሆኑ ላይ በአዋጁ የተዘረዘሩ ሌሎች ድርጊቶች መጨመር አለባቸው፤ ቁማር፣ ሰው ማስቸገር፣ ተደራጅቶ መደባደብና የመሳሰሉት። አንተ ያልኸውን ቃል ደብዳቤው ላይ ብናሰፍር ብርድ ልብስ የሚቀበለውን ሰው በሙሉ በወንጀል እንደጠረጠርነው ይቆጠራል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ደግሞ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች፣ ለአረጋውያን፣ ወላጅና አሳዳጊ ለሌላቸው ልጆች እንክብካቤ እንዲያደርግ ይላል። ከመናኸሪያው ጎረምሶች አጠገብ የተኙት እነዚህም ናቸው።

ሊስትሮ የነበርኩ

የደብር ልጅ፣ አንተ ያየሃቸው ቀን ነው። እኔ ሌሊቱን አውቀዋለሁ፤ ልጅነቴን እዚያው ከተማ ሊስትሮ ሆኜ በረንዳ ላይ አሳልፌዋለሁ። የሚታደረው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ከታች ካርቶን ይነጠፋል፤ ሲሚንቶው ከላይ ካለው አየር ይበልጥ ያቀዘቅዛልና። በላዩ ማዳበሪያ፣ በማዳበሪያው ላይ ሁላችን ተጠጋግተን፣ ትናንሾቹ መሐል። ጫማችንን አውልቀን ከራሳችን ሥር እናደርጋለን፤ ሊስትሮ ሳጥኔን በገመድ ከእጄ ጋር አስረው ነበር። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት አካባቢ ዳቦ ቤቱ ምድጃውን ሲለኩስ ተነሥተን ወደ ኋላ ግድግዳው እንዞራለን፤ ግድግዳው ቀስ እያለ ይሞቃል። በዚያ ግድግዳ ላይ ለቦታ የሚደረገው ጸብ ነው ጠዋት ሰዎች «ተደባዳቢዎች» የሚሉን።

«መሥራት የሚችሉ» ላልኸው፣ አብዛኞቻችን እንሠራ ነበር። ጫማ እንጠርጋለን፣ ዕቃ እንሸከማለን፣ መኪና እናጥባለን። የሚገኘው ለምግብ ይበቃል፤ ለኪራይ አይበቃም፤ ቢበቃም ያለ መታወቂያና ያለ ዋስ የሚያከራይ የለም።

አሁን ስለ ቃሉ። «በረንዳ አዳሪ» ሲሉኝ ያን ያህል አልከፋኝም፤ እውነት ነበር፣ የማድረው በረንዳ ላይ ነው። «ጎዳና ተዳዳሪ» የሚለውን መጀመሪያ የሰማሁት ቅጽ ይዘው ከመጡ ሰዎች ነው። ያኔ የተሰማኝ ነገር፣ ዛሬ ማታ ያጣሁት ማደሪያ ቀርቶ እኔ ራሴ የሆነ ዓይነት ሰው ተደርጌ የተመዘገብሁ መሆኔ ነው። ዛሬ ቤት ተከራይቼ፣ ትዳር መሥርቼም «ጎዳና ተዳዳሪ የነበረው» ይሉኛል። በረንዳ አዳሪ የነበረው ግን ማንም ብሎኝ አያውቅም።

ማኅበራዊ ሠራተኛ

ወንድሜ፣ ያልኸውን በሙሉ ልቤ እቀበላለሁ። ግን «ጎዳና ተዳዳሪ» የሚለው ቃል ለምን እንደተመረጠ መነገር አለበት። ከእሱ በፊት በየስብሰባውና በየደብዳቤው ይባል የነበረው ዱርዬ፣ ቦዘኔ፣ ወሮበላ ነበር። «ተዳዳሪ» የሚለው ቃል ሲመጣ ቢያንስ ሰውየው ኑሮ የሚገፋ፣ ቀኑን ተሯሩጦ የሚያሳልፍ ሰው መሆኑን አመነ። «ዘላን» የሚለው ቀርቶ «አርብቶ አደር» የሚለው ሲተካ የተደረገውም ይኸው ነው። ስለዚህ ቃሉን የሚጠቀሙ ሁሉ ሊያዋርዱ ፈልገው እንዳልሆነ ይታወቅልን።

በሥራችን ልጆችን በሁለት እንለያለን፦ ጎዳና ላይ የሚውሉና ጎዳና ላይ የሚያድሩ። የሚውለው ልጅ ማስቲካ ሸጦ፣ ጫማ ጠርጎ ማታ ወደ እናቱ ይመለሳል፤ የሚያድረው አይመለስም። ሁለቱም በአንድ ቃል ሲጠሩ የሚሰጠው እርዳታ ይሳከራል። ለመጀመሪያው የሚያስፈልገው ለእናቱ ሥራ ነው፤ ለሁለተኛው መጠለያና የሚቀበለው ሰው። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮሚቴ በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው 21ኛ አጠቃላይ አስተያየትም የጎዳና ልጅ ከማለት ይልቅ ጎዳና ላይ ባለ ሁኔታ ውስጥ የሚገኙ ልጆች የሚል ትርጉም ያለው አጠራር ነው የተጠቀመው። ረጅም ነው፤ ለደብዳቤ አይመችም። ሐሳቡ ግን ሊስትሮ የነበረው ወንድማችን ካለው ጋር አንድ ነው፦ ሁኔታው ይጠራ እንጂ ልጁ በሁኔታው አይጠራ።

የአጣዬ ልጅ

እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። እኔ በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል ቤታቸው ከነደደባቸው አንዱ ነኝ። ደብረ ብርሃን ስንደርስ የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ያደርነው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ከወለጋ የመጡ ወገኖቻችን በባቄሎና በቻይና ካምፕ ሸራ ሥር ሲከርሙ አይተናል።

እባካችሁ ደብዳቤው ላይ «ጎዳና ተዳዳሪ» ብላችሁ እኛን እዚያ ውስጥ አትክተቱን። የምለው ከሌላው እበልጣለሁ ብዬ አይደለም። «ተፈናቃይ» የሚለው ቃል ከየት እንደመጣን፣ ለምን እንደመጣን ይዟል። ቀዬ ነበረን፣ ቤት ነበረን፣ ሰው አፈናቀለን። ቃሉ ከተነሣ ያደረገው ሰውም፣ የተቃጠለው ቤትም፣ የመመለስ መብታችንም አብሮ ይነሣል። ሰው «ጎዳና ተዳዳሪ» ሲባል ማንም ወዴት ልመልሰው ብሎ አይጠይቅም።

ሕግ ያጠናሁ

የአጣዬ ልጅ ያለው በሕግም ቦታ አለው። የአፍሪካ ኅብረት በ2009 እ.ኤ.አ. ካምፓላ ላይ የተቀበለውን ስለ አገር ውስጥ ተፈናቃዮች የሚደነግግ ስምምነት ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 1187/2012 አጽድቃለች። ተፈናቃይ ማለት በትጥቅ ግጭት፣ በሁከት፣ በሰብአዊ መብት ጥሰት ወይም በተፈጥሮና በሰው ሠራሽ አደጋ ምክንያት ቤቱን ወይም ቀዬውን ጥሎ ለመሸሽ የተገደደና የአገር ድንበር ያልተሻገረ ሰው ነው። ድንበር ከተሻገረ ስደተኛ ይሆናል። ትርጉሙ ካምፕ ውስጥ መኖርን አይጠይቅም፤ ዘመድ ቤት ደባል ሆኖ የተጠጋውም፣ ላስቲክ ቤት የወጠረውም ተፈናቃይ ነው። በተግባር ግን ከካምፕ ውጭ ያለው ስሙ ዝርዝር ውስጥ ሳይገባ ይቀራል።

ሊስትሮ የነበርኩ

የአጣዬ ወንድሜ፣ ያጣኸውን እግዚአብሔር ይተካልህ። ቃልህን የሚነካብህ የለም። አንድ ነገር ግን ላንሣ። በዳቦ ቤቱ ግድግዳ ሥር ዛሬ ሌሊት ሁለት ሰዎች አሉ እንበል። አንዱ ከቀዬው ተፈናቅሎ ካምፑ ሲሞላ የቀረ ነው። ሌላው እርሻው አልበቃ ብሎት፣ ፋብሪካ እቀጠራለሁ ብሎ ከገጠር መጥቶ ሳይቀጠር የቀረ ነው። ብርዱ አንድ ነው። የመጀመሪያው ዝርዝር ውስጥ ከገባ ዱቄት ያገኛል፤ ሁለተኛው የሚገባበት ዝርዝር የለም። ማንም ቤቱን አላቃጠለበትም፤ መሬቱ ለወንድማማቾች ሲከፋፈል አንሶ አንሶ አለቀ እንጂ። ለእሱ ምን ቃል እንሰጠዋለን? እኔን የሚያንገበግበኝ የእሱ ነገር ነው፤ ምክንያቱም እኔም እንደዚያው ነበርኩ።

የአጣዬ ልጅ

ልክ ነህ ወንድሜ። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ስናድር ጥጉን ለልጆቼ የለቀቀልን እንዲህ ያለ የቀን ሠራተኛ ነበር፤ ከእኛ በፊት እዚያ የሚያድር። ዱቄት ሲታደል እሱ አልደረሰውም፤ ከእኛው ድርሻ ነው የበላው። እኔ የጠየቅሁት ቃሌ እንዳይጠፋ ነው እንጂ እሱ እንዲቀር አይደለም። ሁለታችንንም የሚይዝ አጻጻፍ ካለ እስማማለሁ።

ከመሐል ሜዳ

እንግዲያው ስም ተውና ግሥ ተጠቀሙ። «ደጅ የሚያድሩ» በሉ። ደጅ ማደር ማንንም አይሰድብም፣ የማንንም ታሪክ አይደመስስም። ነገ ቤት ሲያገኝ ግሡ ይቀራል።

የአማርኛ መምህር

እስማማለሁ። «አዳሪ» ሲባል ስም ሆኖ ይለጠፋል፤ «የሚያድር» ሲባል ድርጊት ሆኖ ይቆያል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ሊስትሮ የነበረው ልጃችን ከነገረን በኋላ ግን ትንሽ ነው ማለት አልችልም። «ውጭ የሚያድሩ» የሚለውን ግን አልመክርም፤ ቤት እያለው ሌላ ቦታ የሚያመሽ ሰውም ውጭ አደረ ይባላል። «ደጅ» የተሻለ ነው።

ጸሐፊዋ ከጠባሴ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ያላችሁትን ይዤ እንዲህ ጽፌዋለሁ፤ እዩልኝ።

«ለተከበራችሁ የከተማችን ነዋሪዎች፦ በዚህ ብርድ ማደሪያ አጥተው ደጅ ለሚያድሩ ወገኖቻችን ባና፣ ብርድ ልብስና ወፍራም ልብስ እየሰበሰብን ነው። ከቀያቸው ተፈናቅለው መጠለያ ያላገኙ አሉ። ሥራ ፍለጋ መጥተው የኪራይ ያጡ አሉ። አረጋውያን፣ ሕሙማንና ሕፃናት አሉ። ብርድ ልብስ በሚሠራበት ከተማ ሰው በብርድ እንዳያድር እንተባበር።»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር የብርድ ልብስ ፋብሪካችንን አስቤ የጻፍኩት ነው። እናቶች ወደውታል። ለ«ነዳያን» የተከራከሩት እናት ግን አሁንም አልተዋጠላቸውም፤ «ወገኖቻችን» የሚለው የሹማምንት ንግግር ይመስላል ይላሉ።

የደብር ልጅ

ደብዳቤው ጥሩ ነው። «ሥራ ፍለጋ መጥተው» የሚለው ይግባ፤ እኔ ያየኋቸው እነዚያ ናቸው። እናቴ ያስቀመጠቻቸው ሁለት ባናዎች አሉ፤ አመጣለሁ።

ማኅበራዊ ሠራተኛ

እህቴ፣ «ወገኖቻችን» የሚለው እናታችንን ካስጨነቃቸው «ሰዎች» በሉት፤ ምንም አይጎድልበትም። ከቃሉ ይልቅ አሁን ስለ አሰጣጡ አስቡ። ቀን ላይ አደባባይ አሰልፋችሁ፣ ፎቶ እያነሣችሁ አትስጡ። ሌሊት ባሉበት ሄዳችሁ ለእያንዳንዱ በእጁ ስጡ፤ ሕፃናቱን አስቀድሙ። በአእምሮ ሕመም ያሉትን ደግሞ የሚያውቋቸው ልጆች ይቅረቧቸው፤ እንግዳ ሰው ሲጠጋ ይደነግጣሉ።

ሊስትሮ የነበርኩ

ከሁሉ የሚከብደው ቀኑ ነው። ጠዋት ባለሱቁ ሲከፍት ካርቶኑም ማዳበሪያውም ከበረንዳው ይነሣል። ብርድ ልብስ ተሸክሞ ዕቃ መሸከም፣ ጫማ መጥረግ አይቻልም፤ ጥሎት የሄደ ማታ አያገኘውም። ለዚህ ነው ብዙ ልጅ የተሰጠውን የሚሸጠው፤ ሰው ግን «ለመጠጥ ሸጠው» ይላል። ማኖሪያ ካልተዘጋጀ ልፋታችሁ በሳምንት ያልቃል።

ጸሐፊዋ ከጠባሴ

ይህን አላሰብነውም ነበር። ከአባሎቻችን አንዷ መናኸሪያው አጠገብ የእህል መጋዘን አላቸው። ጠዋት ተጠቅልሎ፣ ስም ተጽፎበት እዚያ እንዲቀመጥ፣ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እንዲወሰድ እጠይቃቸዋለሁ።

ከሸዋ ሮቢት

እኛም ልንጀምር ነው፤ ደብዳቤውን ልንወስደው ትፈቅዱልናላችሁ? እኛ ግን ቆላ ነን፤ ባና ማንም አይፈልግም። ደጅ የሚያድረውን የሚገድለው ወባ ነው፤ የምንሰበስበው አጎበር ይሆናል። አጎበር በረንዳ ላይ በምን ላይ ተወጥሮ እንደሚታሰር የሞከረ ሰው ካለ ቢነግረን።

ሊስትሮ የነበርኩ

ሸዋ ሮቢትም ከርሜአለሁ። ከመስኮት ፍርግርግ ጋር በሁለት ገመድ እሰሩት፣ የቀሩትን ሁለት ጫፎች በድንጋይ ያዙት። ፍርግርጉን ግን ባለሱቁን ቀድማችሁ አስፈቅዱት።